ከሹፌሩ ጀርባ ሃያ ስምንት ሰው

የፊት ግራ ጎማው መንገድ አካፋዩ ላይ ሲወጣ ቀለመወርቅ ዓይኑን ገለጠ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፣ ፍሬኑን ረገጠ። ኮስተሩ ተንገጫግጮ ከአካፋዩ ወረደና ላንቻ ሳይደርስ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዞ ቆመ። አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈው። የሚኒባሱ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ ስለ ቀለመወርቅ እናት አንድ ነገር ተናገረ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። ፀሐይ ወጥቷል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ከፊቱ መኪና አልነበረም። ሰበብ የሚሆን ነገር በዓይኑ ፈለገ፤ አጣ።

«ምንድነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጉድጓድ ነው።»

«ጉድጓድ ሽቅብ ያወጣል እንዴ?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። የግዢ ክፍሏ ፍሬሰላም ግን አልሳቀችም። ከፊቷ ካለው ወንበር ብረት ጋር ተጋጭታ ከንፈሯ ደምቷል፤ በሶፍት ትጠርጋለች።

መኪናው የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ነው። ከገላን ተነስቶ በሳሪስና በጎተራ በኩል ሠራተኛ እየለቀመ ካዛንቺስ ያደርሳል። ሃያ ስምንት ሰው ይጭናል፤ ከሃያ ስምንቱ ሃያ ሰባቱ መንገዱን ሙሉ ይተኛሉ። ራሳቸውን መስኮት ላይ፣ የጎረቤታቸው ትከሻ ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። ቀለመወርቅ በመስታወት ያያቸዋል። መጀመሪያ ይቀናባቸው ነበር። ቆይቶ ይጠላቸው ጀመር።

የማይተኙት ወይዘሮ ወለተማርያም ብቻ ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ። ካዛንቺስ ተወልደው ካዛንቺስ አርጅተው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ገላን የገቡ ሴት ናቸው። ከቤታቸው ቢሮ አምስት ደቂቃ በእግር ይሄዱ የነበሩት አሁን አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና ይሄዳሉ። ልክ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። መኪናው ሲቆም ከቀለመወርቅ ጋር በመስታወት ተያዩ። ወይዘሮዋ መጽሐፉን ዘጉ።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው፤ አሁን ጥር ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደማንኛውም ሰው ይተኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰው በስሙ የጠራው ያህል ይነቃል። ስልኩን ያያል፦ ስምንት ከአምስት፣ ለስምንት አምስት ጉዳይ፣ ስምንት ከአሥር። ከዚያ በኋላ አይተኛም። አሥር ሰዓት ላይ ከቂርቆስ ተነስቶ መኪናው ወደሚያድርበት ካዛንቺስ በእግሩ መሄድ አለበት። እንቅልፉ የሚመጣው ልክ ጫማውን ሲያስር ነው።

ምክንያት ቢኖረው ይሻለው ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የሞተበት የለም። ሁለቱ ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ከሚስቱ ከአምሳለ ጋር አልተጣላም። ትኩስ ወተት በማር ጠጣ። እግሩን በሞቀ ውሃ ታጠበ። ቡና ተወ፤ ቡና በመተዉ ለሦስት ሳምንት ራሱን ሲያመው ከረመ እንጂ ያተረፈው ነገር የለም። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ አንድ ክኒን ዋጠ። ያን ሌሊት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛ፤ ገላን አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ፣ እስከ ማታም ጭንቅላቱ ውስጥ ጥጥ ያለ ይመስለው ነበር። የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ጣለው።

ጥቅምት ላይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ የልጁ እኩያ ነው።

«በእርስዎ ዕድሜ ያጋጥማል» አለው። «ከነቁ አልጋው ላይ አይገላበጡ። ተነስተው ሌላ ክፍል ይሂዱ፣ ትንሽ ያንብቡ።»

«ሌላ ክፍል የለኝም።»

«ሳሎን ማለቴ ነው።»

«ሳሎኑ ነው መኝታው። ከመጋረጃው ወዲያ ልጆቹ ናቸው።»

ሐኪሙ ካርዱ ላይ ሊጽፍ ጎንበስ አለ። «ሥራዎ ምንድነው?»

«ሹፌር።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው ለመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ልጽፍልዎ ነው። ለጊዜው መንዳት የለብዎትም።»

ቀለመወርቅ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ደብዳቤውን አልጠበቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲነዳ ቅርንፉድ ያኝካል። አፉን ሲያቃጥለው ዓይኑ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

አካፋዩ ላይ በወጣ በሦስተኛው ቀን የስምሪት ኃላፊው ሙክታር አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው የፈረመበት ወረቀት ነበር። ሙክታር አነበበለት፦ የአሽከርካሪው ዓይን ሁልጊዜ ደም የለበሰ መሆኑ፣ የመጠጥ ሽታ ለመደበቅ ቅርንፉድ እንደሚያኝክ፣ የሠራተኛው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑ።

«ጠጥተህ ነው?» አለ ሙክታር።

ቀለመወርቅ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ፊርማዎች አየ።

«አሥራ አራት ዓመት በየሰርጉ ለስላሳ ይዘን አንድ ጥግ የምንቀመጠው እኔና አንተ ነን። ለእኔ ሃይማኖቴ ነው፤ አንተን እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም። ስለዚህ መጠጥ ነው ሲሉኝ አላመንኩም። አሞሃል?»

«ካመመኝ ምን ይሆናል?»

«ሜዲካል ቦርድ ትቀርባለህ። ቁልፉን ዛሬ፣ አሁን ታስረክባለህ። ቦርዱ አይነዳም ካለ ደግሞ ያው ነው። በዚህ ዕድሜህ መንጃ ፈቃድህን ተነጥቀህ ቁጭ ማለት ነው።»

«ጠጥቼ ከሆነስ?»

ሙክታር ቀና ብሎ አየው። «ትራፊክ አልያዘህም። ከአንዲት ልጅ ከንፈር በቀር የተጎዳ የለም። ማታ ጠጥተህ ያደረብህ ከሆነ የመጀመሪያ ጥፋት ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ።»

«እሱ ነው።»

«ቀለመ።»

«ሰርግ ነበረብን። ጠጅ ነው። አደረብኝ።»

ሙክታር እስክሪብቶ አነሳ። ከዚያ ወረቀት ሳበ። «ያው ጥር ነው፤ ሰርግ አይጠፋም» አለና መጻፍ ጀመረ። ቀለመወርቅ ከሥሩ ፈረመ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ከቢሮው ሲወጣ ቀለለው። ደረጃውን ሳይጨርስ ግን የቀለለው ነገር ተነነ። ሰካራም ነገ ሊተው ይችላል። እሱ ምኑን ይተዋል?

ሰርቪሱ ውስጥ ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር። ወይዘሮ ወለተማርያም በሃይላንድ ጸበል ይዘውለት መጡ።

«ጠዋት በባዶ ሆድህ ጠጣው። የኔም ባለቤት እንዲህ አድርጎት ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«እግዜር ይስጥልኝ ወይዘሮ ወለተማርያም።»

«ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። አታፍር።»

ፍሬሰላም ደግሞ ከንፈሯ ሳይድን ልታጽናናው ገቢና መጥታ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ በእኔ በኩል ምንም ጃጅመንት የለም፣ እሺ? በቃ ፍሪ ሁን። አጎቴም እንዳንተ ነበረ፤ አሁን ክሊን ነው፣ ጂም ሁላ ይሠራል።»

«ጎበዝ ነው» አለ ቀለመወርቅ።

ገቢና የሚቀመጥ ተረኛ አወጡ። ተረኛው ጠዋት ሲገባ «እንዴት አደርክ ጋሼ» እያለ ጠጋ ብሎ ያሸተዋል። ቅርንፉድ ይሸተዋል። ከኋላ ላሉት በዓይኑ ምልክት ይሰጣል፤ ራሱን እየነቀነቀ ቀበቶውን ያስራል። ሳሪስ ሳይደርሱ ተረኛውም ይተኛል።

ወሬው ቂርቆስ ለመድረስ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም። አምሳለ በአንድ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት፤ ሥራ ቦታዋ ሰማች። ቀን አልተናገረችም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እሱ ሲነቃ እሷም ነቃች። ከመጋረጃው ወዲያ ልጆቹ ስላሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ሰካራም ነው እየተባልክ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ማን ያላለኝ አለ። አንዷማ ትናንት ምን ያህል ይመታሻል ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እጄ ላይ ቢላዋ ነበር፤ ዝም አልኩ።» ወደ እሱ ዞረች። «ለምን ዋሸህ?»

«ቁልፉን ሊወስዱብኝ ነው።»

«ስንት ሰው ነው የምትጭነው?»

«ታውቂያለሽ።»

«ንገረኝ።»

«ሃያ ስምንት።»

«ስንቱ ሲሞት ነው የምትነግራቸው?»

ቀለመወርቅ ጣሪያውን አየ። ቆርቆሮው ከብርድ የተነሳ ይንጣጣል። «ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ» አለ። «ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ አምሳለ። ከመኪናው ከወረድኩ ሌሊቱን ነቅቼ የማድረው ለምኑ ነው? አሁን እንኳ፣ ቢያንስ፣ አሥር ሰዓት እስኪሆን ነው የምጠብቀው።»

መልስ ጠበቀ። ትንፋሿ ከበደ። መተኛቷን ሲያውቅ ሊቀሰቅሳት እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እዚያው እንደተቀመጠ አለቀሰ፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶ። ስልኩን ሲያይ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር።

የካቲት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ሳሪስ ላይ ሁለት ሰው ጫነ። አንዷ ሴት የዘምቢል ገመድ በር ላይ ይዟት ስትታገል አይቷል። ያንን ያስታውሳል። ቀጥሎ የሚያስታውሰው የላንቻን ሕንፃዎች ነው። መካከሉ የለም። የጎተራን ማሳለጫ ማለፉን፣ መስመር መቀየሩን፣ እግሩ ፍሬን መንካቱን አያውቅም። ሌላ ሰው ነድቶ አምጥቶ ያስረከበው ይመስል ነበር።

በመስታወት አየ። ሁሉም ተኝተዋል። ገቢና ያለው ተረኛ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ወይዘሮ ወለተማርያም እንኳ ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ነው።

ፍሬቻ አበራ። ዳር ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። ድምፁ ሲቋረጥ አንድ በአንድ ነቁ።

ከወንበሩ ተነስቶ ወደ እነሱ ዞረ።

«እኔ አልጠጣም» አለ። «ጠጥቼ አላውቅም። እንቅልፍ አጥቼ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ተኝቼ አላውቅም። ያን ቀን መሪ ላይ ተኝቼ ነው አካፋዩ ላይ የወጣነው። ዛሬም ከሳሪስ እስከዚህ እንዴት እንደመጣን አላውቅም። ከዚህ በኋላ አልነዳም።»

ገቢና ያለው ተረኛ ቀበቶውን ፈታ።

«በዚህ ጠዋት ጠጥቶ» አለ አንዱ ከኋላ፣ በሐዘን።

ወይዘሮ ወለተማርያም ተነስተው ጠጋ አሉት። አሸተቱት። «ጸበሉን ጠጥተኸዋል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተመለስክበት ልጄ?»

«ወይዘሮ ወለተማርያም፣ እርስዎ አይተውኛል። ያን ቀን ዓይኔ ተከድኖ ነበር። በመስታወት አይተውኛል።»

«አይቼሃለሁ። የኔም ባለቤት እንደዚያ ነበር የሚከደንበት።»

ፍሬሰላም ስልክ ይዛለች። «ሄሎ፣ ጋሽ ሙክታር? ደገመው። ላንቻ ነን። ኖ ኖ፣ ማንም አልተጎዳም፤ ራሱ ነው ያቆመው። እንቅልፍ ምናምን እያለ ነው።» አዳመጠች። «ሊያናግርህ ነው» ብላ ሰጠችው።

«ሙክታር፣ ዋሽቼህ ነበር» አለ ቀለመወርቅ።

«የቱን?»

«የሰርጉን። ሰርግ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለ ሙክታር። «ግን ፈርመህበታል ቀለመ። እኔም ፈርሜበታለሁ። አሁን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

ቀለመወርቅ ስልኩን መለሰ። ቁልፉን ነቅሎ በወይዘሮ ወለተማርያም መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

ሰዎቹ ሰዓት ፊርማ እንዳያልፋቸው ተንጋግተው ወረዱና ታክሲ ፍለጋ ተበተኑ። አንዳንዱ ሲወርድ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወይዘሮ ወለተማርያም ቁልፉን ለሚመጣው ሰው እስኪያስረክቡ ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ። ቀለመወርቅ ባዶው ኮስተር ውስጥ የኋላው ረጅም ወንበር ላይ ተጋደመ። ወንበሩ ገና ከሰው ሙቀት አልበረደም። ዓይኑን ጨፈነ። መኪና ሲያልፍ ይሰማል፣ ታክሲ ሲጣራ ይሰማል፣ ወይዘሮ ወለተማርያም ውጭ ሲደግሙ ይሰማል። አርባ ደቂቃ እንዲሁ ተኛ፤ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ሙክታር ስለተከራከረለት ከሥራ አልተባረረም፤ ከሹፌርነት ተነስቶ ንብረት ክፍል ተመደበ። ማኅደሩ ላይ የሰፈረው ምክንያት ለሁለተኛ ጊዜ ጠጥቶ ማሽከርከር የሚል ነው። የገላንን መስመር አሁን ዲሪባ የሚባል የሃያ ሰባት ዓመት ሹፌር ይዞታል።