ጆሮ የሌለው ቡድን

ኳስ እንደምችል ማዳም አታውቅም ነበር። ስለ እኔ የምታውቀው ጥቂት ነው፤ ወለል እንደማጸዳ፣ ትንሹ ልጇ ከእኔ ጀርባ ላይ ካልሆነ እንደማይተኛ፣ ስትጠራኝ «ሓዲር»፣ አቤት፣ ብዬ እንደምሮጥ። ወሎ ውስጥ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገብቼ እንደነበር፣ ለኮሌጁ የሴቶች ቡድን ስምንት ቁጥር ለብሼ መሀል ሜዳ እንደተጫወትኩ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። ትልቋ ልጇ ጅዳ ውስጥ ኮሌጅ የገባች ጊዜ ለእንኳን ደስ ያለሽ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሻይ ያዞርኩት እኔ ነኝ። እኔም እኮ ገብቼ ነበር፣ እያልኩ በሆዴ ትሪውን አዞርኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መካ መድረስ። ከጅዳ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከአገሬ ስነሳ እናቴ «ሌላው ቢቀር ይቅር፣ የካዕባን መስጊድ፣ ሐረሙን ሳታዪ እንዳትመጪብኝ» ብላኛለች። ማዳምን በጠየቅኳት ቁጥር መልሷ «ኢንሻአላህ» ነበር። ይህ ቃል ከእናቴ አፍ ሲወጣ ተስፋ ነው። ከማዳም አፍ ሲወጣ ግን ሂጂና ሥራሽን ሥሪ ማለት እንደሆነ ቶሎ ገባኝ።

የሚያንገበግበው ደግሞ በየአርቡ መንገዱን ማጋመሳችን ነው። ቤተሰቡ ሹመይሲ አቅራቢያ ኢስቲራሓ አላቸው፤ ዙሪያው በግንብ የታጠረ የመዝናኛ ግቢ ነው፣ ውስጡ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ ትንሽ ሜዳ አለው። ሹመይሲን ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአገር የሚባረር ሰው የሚታጎርበት ቦታ ነው። ማዳም ስትናደድ «ሹመይሲ አማረሽ?» ትለኝ ነበር። መኪናችን ወደ ኢስቲራሓው ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ በሚሄደው መንገድ ላይ «መካ» የሚል ሰሌዳ ይታያል። ያንን ሰሌዳ ከዓይኔ እስኪጠፋ በመስኮት አየዋለሁ።

አርብ አርብ የማዳም ባለቤትና አራት ወንድምና እህቶቹ ቤተሰባቸውን ይዘው እዚያ ይገናኛሉ፤ አምስት ቤት፣ አምስት ሠራተኛ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሴት ልጅ ባንድ ኮሌጅ ትማራለች፤ አምስቱ ልጆች የኮሌጁ የኳስ ቡድን ውስጥ ናቸው። ጫማቸው አዲስ ነው፣ ማሊያቸው አንድ ዓይነት ነው፣ የምታሠለጥናቸው አስተማሪም አለቻቸው። ከሌላ ኮሌጅ ጋር ሊጋጠሙ ሲሉ መለማመጃ ቡድን አጡ። ወንድ አይገባ፣ እናቶቻቸው አይሮጡ። አንድ አርብ ከምሳ በኋላ ሳህን ስናጥብ የማዳም ልጅ ብቅ አለችና «ያላ፣ ኑ ተሰለፉ» አለችን፣ ሌላ ክፍል እንድንጠርግ የምታዝ ይመስል።

የእኛ በረኛ ከባለቤትየው እህት ቤት ናት፤ ቁመተ ሎጋ ክርስቲያን። «ከፊል» ከሚባለው ካስመጣት አሠሪ ቤት ጠፍታ ኑዝላ ሰፈር ከሐበሾች ጋር ስትኖር ቆይታ ያለ ኢቃማ የተቀጠረች ስለሆነች፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት እሷ ብቻ ነበረች። ሹመይሲን ከሁላችን አብልጣ ትፈራለች። ተከላካያችን የአገሬ ልጅ ናት፤ የማዳም አማት፣ ሐጃ የምንላቸው፣ በሚኖሩበት በትልቁ ወንድም ቤት አሥራ አንድ ዓመት አገልግላለች። ጉልበቷን ያማታል፤ በዕድሜ ስለምትበልጠን «እትዬ» ነው የምንላት። ሁለቱ የጅማ ልጆች ናቸው፣ በኦሮምኛ እየተንሾካሾኩ ይስቃሉ፣ ሲሮጡ ግን የሚደርስባቸው የለም።

የመጀመሪያውን አርብ ሰባት ለአንድ ተሸነፍን። መሸነፉ አልገረመኝም፤ የተሸነፍንበት መንገድ ነው ያሳረረኝ። ኳሷ እትዬ እግር ሥር ነበረች፣ ማንም አልተጠጋትም። ከወዲያ የቤቷ ልጅ «ሃቲ!» አለቻት፤ አምጪ ማለት ነው። እትዬም አመጣች። አሥራ አንድ ዓመት «ሃቲ» ሲሏት ውሃ፣ ጫማ፣ ስልክ ስታቀብል የኖረች ሴት ኳሱንም አስተካክላ አቀበለች፣ ገባብን። ትንሽ ቆይቶ አንዷ የጅማ ልጅ ጎል ልታገባ ስትል የቤቷ ልጅ ወደቀች፤ ኳሱን ትታ ልታነሳት ጎንበስ አለች፣ ገባብን። እኔ ራሴ፣ ስምንት ቁጥር ለባሿ፣ የማዳም ልጅ «ሃቲ!» ስትለኝ እግሬ ሳያማክረኝ ሰጣት። ሰባቱም እንዲህ ገቡ ብል እዋሻለሁ፤ አራቱን ግን እኛው ነን ያስረከብናቸው።

እናቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማዳም «በሚመጣውም አርብ ይጫወቱ፣ እንዲህ ስቄ አላውቅም» አለች። ላቤን እየጠረግኩ ፊቷ ቆምኩ።

«ማዳም፣ ብናሸንፍስ?» አልኳት።

የባሰ ሳቀች። «ካሸነፋችሁ ወላሂ በሳምንቱ ሐሙስ እኔው ራሴ መካ ለዑምራ እወስድሻለሁ!»

ሐጃ ሰሙ፣ አምስት ቤት ሰማ። ከዚያ ወዲያ ሳቃቸው ደንታዬም አልነበረ። ወደ ማጠቢያው ስንመለስ በረኛዋን «አንቺስ መካ አይመለከትሽም፣ ትጫወቻለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ሰባት አገቡብኝ እኮ! ሰባት! አንቺ ሐረምሽን ፈልጊ፣ እኔ የምፈልገውን አውቃለሁ» አለችኝ።

አምስቱ ቤቶች ጅዳ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጣሪያቸውን የሚለየው አጭር ግንብ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ የደረቀ ልብስ ልናወርድ ስንወጣ እንገናኛለን። በዚያ ሳምንት ልብስ ማውረዱ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደብን። ኮሌጅ ሳለሁ አሠልጣኛችን ከጨዋታ በፊት ስለ ተጋጣሚያችን የሚያውቀውን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልን ነበር። እነዚህን ልጆች ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቃቸው ማን አለ?

የማዳም ልጅ ግራ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ሲላት በዘይት ያሸሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ በግራዋ አትመታም። የእትዬ ቤት ልጅ ሁለት ጊዜ ከተነጠቀች ታኮርፋለች፣ ካኮረፈች አትሮጥም። ከጅማዎቹ ቤት ልጆች አንዷ ቀትር ላይ ነው ከአልጋዋ የምትወርደው፣ ሌላዋ ሰው ከሳቀባት እግሯ ይተሳሰራል። በረኛቸው ደግሞ የበረኛችን ቤት ልጅ ናት፤ ጥፍሯን አሳድጋለች፣ ቀለም የምትቀባላትም በረኛችን ናት። «መሬት ለመሬት ለመጣ ኳስ እጇን አትሰጥም፣ ጥፍሯ ይሰበራላ!» አለችን። ስለዚህ ሁላችንም የየቤታችንን ልጅ እንድንይዝ፣ ኳሱም ዝቅ ብሎ እንዲመታ ወሰንን።

ከሁሉም የከበደን ጆሯችን ነበር። እኔ ከግንቡ ወዲያ ሆኜ «ሃቲ!» እጮሃለሁ፣ እነሱ ዝም እንዲሉ። እትዬ ሦስት ጊዜ የልብስ መቆንጠጫ አቀበለችኝ፤ በሦስተኛው በገዛ እጇ ተናዳ አለቀሰች። ረቡዕ ዕለት ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ «አልሰማሁም!» አለች። ሱብሃነላህ፣ በሳቅ ፈርሰን ልብሱን ሁሉ መሬት ላይ ጣልነው።

አርብ ምሳ ያቀረብነው እንደ ወትሮው እኛው ነን። የማዳም ልጅ ሳህን ላይ ሩዙንም ሥጋውንም ጨመር አደረግኩላት። «ብዪ፣ ዛሬ ትሮጫለሽ» አልኳት። ኃጢአት ከሆነ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እሷ ግን አጣጥማ በላች። እኛ ሳንበላ ሜዳ ገባን።

ጨዋታው ከዐስር ሶላት በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲወጣ ያልቃል ተባለ። ገና ኳሷን ከመንካቴ የማዳም ልጅ «ሃቲ!» አለችኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በግራዋ በኩል አለፍኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ትኩር ብላ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ወዲያ ማዶ የእትዬ ቤት ልጅ «ሃቲ አልኩሽ! ደነቆርሽ እንዴ?» እያለች መሬቱን በእግሯ ትደበድባለች። እትዬ ጀርባዋን ሰጠቻት። ከዚያ በአማርኛ «አልሰማሁም!» ብላ ኳሷን ለጅማዋ ልጅ ላከችላት። የመጀመሪያዋ ጎላችን ከዚያ መጣች፣ መሬት ለመሬት።

ልጆቹ አይችሉም አልልም፤ ይችላሉ። ሦስት አገቡብን። በረኛችን ኳስ ፊቷ ላይ አርፎባት አፍንጫዋ ደማ፤ በሻርፗ ጠርጋ ተነሳችና «ቀጥሉ!» ብላ ጮኸችብን። እኛም ሦስት ደረስን። እናቶቹ መሳቅ ካቆሙ ቆይተዋል።

ፀሐይዋ ከግንቡ ጀርባ ስትወርድ ኳሷ እግሬ ሥር ገባች፤ ፊት ለፊቴ በረኛቸው ብቻ ቀርታለች። ያኔ ከወንበሮቹ በኩል የትንሹ ልጅ ለቅሶ ተሰማ። «ነይ! ልጁ እያለቀሰ ነው፣ ነይ አልኩሽ!» አለች ማዳም። እግሬ ሊቆም ነበር። ያንን ልጅ ከአርባ ቀኑ ጀምሮ ያዘልኩት እኔ ነኝ፣ እወደዋለሁ። ሲርበው የሚያለቅሰውን፣ ሲያመው የሚያለቅሰውን፣ ሲያኮርፍ የሚያለቅሰውን ለይቼ አውቃለሁ። ይኼ ከረሜላ የቀሙት ጊዜ የሚያለቅሰው ነው። እናቱ አልለየችውም፣ እኔ ለየሁት። ሳልዞር ኳሷን ዝቅ አድርጌ መታኋት። በረኛቸው እጇን ሰብስባ እግሯን ዘረጋች፣ ኳሷ በጎኗ አልፋ ገባች።

የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች እንዴት እንዳሳለፍናቸው አላስታውስም። አዛኑ ሲወጣ እትዬ ጉልበቷን ረስታ ሣሩ ላይ በግንባሯ ሱጁድ ወርዳ ነበር። እኔ ልጁን ላነሳው ሄድኩ፤ እንዳልኩትም ከረሜላውን ቀምተውት ነው።

ማዳም እስከ ረቡዕ ስለ ዑምራ ትንፍሽ አላለችም። ረቡዕ ጠየቅኳት። «ኢንሻአላህ» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ገላዬን ታጠብኩ፣ ንጹሕ ልብሴን ለበስኩ፣ ዑምራዬን ላደርግ በልቤ ነይቼ፣ «ለበይክ» ብዬ ኢሕራም ገባሁ። ኢሕራም የገባ ሰው ዑምራውን ሳይፈጽም አይወጣም፤ ይህን ማዳምም አሳምራ ታውቃለች። ሳይፈቀድልኝ ነው የነየትኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ማዳም «ሻይ ሃቲ!» አለች። አልሰማሁም። ደገመች፣ አልሰማሁም። በሦስተኛው መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ሹመይሲ ነው የምትፈልጊው?» አለች።

«እሺ ማዳም፣ መንገዱ በዚያው ነው» አልኳት።

 አገሬ ብትመልሰኝ ሐረሙን ሳላይ እናቴ ፊት ልቆም ነው። ሐጃ ያን ዕለት ለቁርስ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ከዚያው ሆነው «ወላሂ ብለሻል፣ ሰምቻለሁ! እሷም ኢሕራም ገብታለች። ብትከለክያት ባንቺው አንገት ነው፣ ኻላስ!» አሏት። ማዳም ፊቷን አጥቁራ አባያዋን ልትለብስ ሄደች። መኪናው የኢስቲራሓውን መታጠፊያ አልፎ በሰሌዳው ሥር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

መካ፣ ጀርወል ሰፈር መኪናውን አቁመን በእግራችን ወረድን። የሐረሙ በር ላይ ስንደርስ ማዳም ልጁንም ቦርሳውንም ዘረጋችልኝ። «ያዢ፣ እዚህ ቁጭ በይ። እኛ ካዕባን ዞረን ጠዋፍ አድርገን እንምጣ፣ አንቺ ኋላ ትደርሺበታለሽ» አለች። እጆቼ ራሳቸው ተዘረጉ። የመጀመሪያው አርብ እግሬ እንዳደረገው ማለት ነው። ልጁም ወደ እኔ እጁን ዘርግቷል። እንደምንም እጆቼን መለስኳቸው።

«አልሰማሽም?» አለች ማዳም።

አብራን የመጣችው ትልቋ ልጇ ከኋላችን ደርሳ ወንድሟን ተቀበለቻት፣ ቦርሳውንም አንገቷ ላይ አጠለቀች። «ማማ፣ አትሰማም። እኔም ሙሉ ጨዋታ ጮኼባት ነበር» አለች። ስቃ ይሁን ተናዳ አላየኋትም፤ እኔ በሩን አልፌ ነበር።

ካዕባን ሳይ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ዱዓ ከአእምሮዬ ጠፋ። የእናቴ ጤና፣ የእህቶቼ ነገር፣ የራሴ ዕድል፣ ሁሉም ጠፋኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ጠዋት በረኛዋ በጣሪያው ግንብ ላይ ብቅ ብላ፣ አፍንጫዋ እንዳበጠ፣ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አልገባም፤ አንቺ ግን ስትገቢ ንገሪልኝ» ያለችኝ። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩላት። «ያ ረቢ፣ ሦስት ብቻ ነው የገባባት» አልኩ።