የአያቴ የወታደር ልብስ

አባቴ «አባቴ አርበኛ ነበር» እያለ ነው ያሳደገኝ። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ፕሌኖ ባለው ቤቴ ሳሎን የአያቴን የወታደር ፎቶ የሰቀልኩትም በዚሁ ኩራት ነው።

አምና የአባቴ ታላቅ እህት ከጎንደር ሊጠይቁን መጡ። ፎቶውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህን ልብስ እኮ ጣሊያን ነው ያለበሰው» አሉኝ። «ባንዳ ነበር። የእናቴን ወንድም እሱ ነው ጠቁሞ ያሰቀለው። እናቴም ይህን እያወቀች ስድስት ልጅ ወለደችለት።»

ወዲያው እዚያው ቴክሳስ ኧርቪንግ ከተማ ለሚኖረው አባቴ ደወልኩ።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አለ። «ታዲያ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ልጄ ግን ስለ ቅድመ አያቷ ጀግንነት ለትምህርት ቤት የጻፈችውን አምጥታ ለአክስቴ በእንግሊዝኛ ታነብላቸው ጀመር። «የኔ ጎበዝ» አሏት አክስቴ፣ አንድም ቃል ሳይገባቸው። እኔም አፍሬ አልተረጎምኩላቸውም።