እሳቱ ነው ያቀላዎት

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ አሳምረው ነው። ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ፎቶ የሚሰጠው ሁሉ ከበሩ ዞር እያለ «በደንብ አሳምረው፣ እሺ!» ስለሚለው ባልደረቦቹ በዚያው ጠሩት፤ በዚያው ቀረ።

ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ባለቀለም ፎቶ ሴራሚክ ሳህን ላይ ማስፈር ጀመረ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ያስተካክልና እሳት በሚችል ቀለም ልዩ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ወረቀቱን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ምስሉ ስስ ሆኖ ይላቀቃል። እሱን ነጭ ሳህን ላይ አንሸራትቶ ያሳርፍና ከሥሩ የቀረውን ውኃ በጎማ ቁራጭ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋ ያስወጣል። አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ምድጃ ውስጥ ፈንድታ የሰው ግንባር ትበሳለች። ሲደርቅ ኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል። ከምድጃ የወጣ ምስል ቢያጥቡት አይለቅም።

አሳምረው አንድ ልማድ ነበረው። ምስሉን ከማተሙ በፊት ፊቱን ያቀላዋል። ጥቁሩን ጠይም፣ ጠይሙን የቀይ ዳማ ያደርገዋል። ማንም አዞት አይደለም። ደንበኞቹ ሲረከቡ ደስ ይላቸዋል እንጂ ለምን ብለው አይጠይቁም። አልፎ አልፎ «ውይ፣ እንዴት ቀላሁ!» የሚል ከመጣ «እሳቱ ነው» ይላል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ።

አንድ ቀን የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፎቶ ይዛ መጣች። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤቱን ምድጃ ሲያነዱ የኖሩ ሴት ጡረታ ሊወጡ ነው፤ መምህራኑ ምስላቸው ያለበት ትልቅ ሳህን ሊሸልሟቸው አስበዋል። ሴትየዋ ነጭ ሽርጥ አድርገው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ጥርት ያለ ጥቁር ነው፤ ጉንጫቸው ላይ ፀሐይ አርፎበታል። አሳምረው ፎቶውን በቅጡ ሳያየው እጁ እንደ ልማዱ ሄደ።

የሽኝቱ ዕለት እሱም ተጋበዘ። ሴትየዋ ከአዳራሹ ፊት ወጥተው ወረቀቱን ፈቱና ሳህኑን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ቆንጆ ሴት ናት» አሉ በመጨረሻ። «ማን ናት?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሳህኑን አስጠግተው ሽርጡን አዩ፤ በሩን አዩ። «እህ... እኔ ነኝ ለካ» አሉ ቀስ ብለው።

ዳይሬክተሯ ወደ አሳምረው ዞረች። «ትንሽ ቀላ አሉ መሰለኝ፣ አይደል?»

«እሳቱ ነው ያቀላዎት፣ እትዬ» አለ ጥድፍ ብሎ። «ምድጃው እንደዚያ ያደርጋል።»

«ሠላሳ ዓመት እሳት ዳር ነው የኖርኩት፣ ወንድሜ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ሲያጠቁር እንጂ ሲያቀላ አይቼ አላውቅም።»

አሁንም ተሳቀ፤ አሁን ግን በእሱ ነው። ሴትየዋ ሳህኑን መልሰው በወረቀቱ ጠቀለሉት፤ ጠርዝ ጠርዙን እንኳ አስተካክለው አጠፉት። አሳምረው ለስላሳውን ሳይጨርስ ወጣ።

ቤቱ ሲገባ ግድግዳው ላይ እናቱን አያት። ሥራውን ሲጀምር መጀመሪያ የሠራው ሳህን የእሷ ነው። ቀይ ናት። ዓይኑን ጨፍኖ የእውነት ፊቷን ሊያስታውስ ሞከረ፤ የሚመጣለት ሳህኑ ብቻ ሆነ። ደንግጦ ታላቅ እህቱ ጋ ደወለ።

«እማዬ መልኳ... ቀይ ነበረች እንዴ?»

«አመመህ? እንደኔ ጥቁር ነበረች እንጂ!» አለች እህቱ። ቀጠል አድርጋ «ያን ሳህንህን ያየሁ ዕለት ላንተ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት» አለች።

ጆሮው ድረስ ጋለ።

በማግስቱ የሴትየዋን ፎቶ እንደገና አወጣ። ፊታቸውን ሳይነካ አተመው። ከምድጃ ሲወጣ አረንጓዴ መሰለ። ሁለተኛው አመድማ ሆነ። ያን ሁሉ ዓመት ሲሸሸው ኖሮ ጥቁር ፊት መሥራት አያውቅበትም። አራተኛው ላይ ተሳካለትና ይዞ ቤታቸው ሄደ።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት፤ መልኳ ቁርጥ እናቷን። የመጀመሪያው ሳህን ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል።

«እትዬ፣ እሳቱ አይደለም» አለ ሳይቀመጥ። «እኔ ነኝ። ዋሸሁ።»

«አውቄያለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሴትየዋ የያዘውን ተቀብለው ፈቱና በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት። «እቺ እንኳ እኔ ነኝ» አሉ።

ልጅቷ በእናቷ ትከሻ በኩል አየችው። «ያኛው ግን ያምራል፣ እማዬ። እሱ እንደተሰቀለ ይሁን፣ በናትሽ።»

እናትየዋ ቀና ብለው አሳምረውን አዩት። «እንግዲህ አንተ ንገራት» አሉት።

አሳምረው የልጅቷን ፊት ለማየት አልደፈረም፤ ምንጣፉን እያየ «የሚያምረው ይሄኛው ነው» አለ።

«አይ ጋሼ፣ ስለለፉበት ነው» አለችው ልጅቷ በትሕትና፣ ፈገግ ብላ። አላመነችውም።

አዲሱን ሳህን እናትየዋ መኝታ ቤታቸው ወስደው አስቀመጡት። ሳሎን ያለው ከቦታው አልተነሣም። አሳምረው ከዚያ ወዲህ ሳይጠየቅ ፊት አይነካም። «ቀላ አድርጋት» የሚሉት ግን ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱን ይከራከረዋል፣ አንዳንድ ቀን ይደክመውና ያደርገዋል። በትምህርት ቤቱ በር ግን አያልፍም። ገበያ መሄጃው በዚያ ቢቀርበውም፣ ዙሪያውን ዞሮ ይሄዳል።