ገደል የገባው ሰይድ

ባለፈው ሳምንት ከወልዲያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ በስልኳ የቻይና ሥዕላዊ ታሪክ ታነብ ነበር። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። ጠላቶቹ የከበቡት ጀግና ገደል ገባ። ልጅቷ ማየቴን አይታ ሣቅ አለችና «አይዞሽ፣ አይሞትም» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሲሪንቃን እስክናልፍ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን አየሁ።

ገደል የገባ ጀግና አይሞትም የሚለውን ሕግ እኔም አውቀው ነበር። ጦርነቱ መርሳ ሲገባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መብራትም ኔትዎርክም ጠፋ፤ የስልኬም ባትሪ አለቀ። በቃሌ የቀሩት ያነበብኳቸው የቻይናና የጃፓን ታሪኮች ነበሩ። ጎረቤታችን እማማ ሀዋ ከሰዓት በኋላ የማሽላ እሸት ይዘው ይመጡና «እስቲ የዚያን የሩቅ አገር ልጅ ጉድ አውሪኝ» ይሉኛል። የቻይና ስም ለምላሳቸው ስላልተመቸ ጀግናውን ሰይድ አልኩት። እንደ መሰሎቹ ሁሉ ድሃ ነው፤ ዘመድ ይንቀዋል፣ እጮኛው ከድታዋለች። በጃፓኖቹ ታሪክ ደግሞ መኪና የገጨው ሰው በሌላ ዓለም ኃያል ሆኖ እንደሚነሣ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ሹፌሩ ይከሰሳል ወይስ ይመረቃል?» ብለው አሣቁኝ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሁሴን የሚባል። ዘምቶ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከገበያ መጥቶ በሩን ዘጋና ሁሴን መሞቱን ነገረን። ጓደኛው በእጁ ቀብሮታል። በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ማልዶ ነው የሚያረዳው። የእማማ ሀዋ ወንድም ደግሞ ያለው ሐራ ነው፣ መንገዱም ዝግ ነው።

«ወንድሟ እስኪመጣ ከሌላ አፍ እንዳትሰማ፣ አንቺ አጫውቻት» አለኝ አባቴ። «አደራ፣ ፊትሽ እንዳይናገር።»

ክፋቱ፣ ታሪኩ ሰይድ ገደል የሚገባበት ላይ ደርሶ ነበር።

«ሞተ?» አሉ እማማ ሀዋ፣ እሸቱን አስቀምጠው።

«አይ እማማ፣ በእነዚህ ታሪኮች ገደል የገባ አይሞትም። ከሥሩ ዋሻ አለ፣ ዋሻው ውስጥ ጥበብ የሚያስተምሩ ሽማግሌ አሉ።»

ከዚያ በኋላ ላወጣው አልቻልኩም። ባወጣው እሳቸውን በተስፋ ማታለል ሊሆን ነው፤ ብገድለውም መርዶ ማርዳት። ስለዚህ እዚያው ዋሻ ውስጥ ኃይል የሚሰጥ ሥር አስበላሁት፣ ሰይፍ አስተማርኩት፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ አሳደግሁት። ማሽላው ደርሶ ታጨደ፤ ሰይድ ግን እዚያው ነው።

አንድ ቀን እጄን ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ ይኸ ልጅ ገደል ከገባ ቆየ። ወይ አውጪልኝ፣ ወይ ቅበሪልኝ።»

አለቀስኩ። እሳቸው በሻሻቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «በይ ተይው፣ ወንድሜ ሲመጣ ይነግረኛል። ማወቄን ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ ስለኔ ብዙ ደክሟል።»

መንገዱ ሲከፈት ወንድማቸው መጣ። ሽማግሌዎቹ ማልደው ደጃቸው ላይ ሲቆሙ፣ እማማ ሀዋ ያን ጊዜ ገና እንደ ሰሙ ሆነው ጮኹ። ያ ጩኸት እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ እነዚያን ታሪኮች አላነብም። ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ ለሁሴንስ ዋሻው የት ነበር እያልኩ ስለምናደድ ነው።

ከሚኒባሱ ወርጄ በእማማ ሀዋ ቤት በኩል አለፍኩና በልጅቷ ስልክ ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ወጣ?» አሉኝ።

«እንጃ እማማ፣ ሳላየው ወረድኩ።»

«እናት ካለችው፣ አላህ ያውጣላት።»