ሰይድ ከሰማይ አልወደቀም

እስካሁን ስልኬን እያነሳሁ አየዋለሁ። ስህተት ነው ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ብዬ። የሚደውለው ሁሉ ግን አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ፦ «ሰይድ ወደቀ አሉ፣ እውነት ነው?»

አልወደቀም። ዛሬ ጠዋት ወደ አቀስታ ሲሄድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ነው የሞተው። ዛሬ አልበረረም። እንዳይበር የከለከልኩትም እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ቃል ማሳመር አልችልም። እውነቱን ግን ሌላ ሰው ሳያበላሸው ልጻፈው።

ለማታውቁት፦ ሰይድ የመካነ ሰላም ልጅ ነው። ዓረብ አገር ሠርቶ ሲመለስ፣ ሌላው ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሲያመጣ፣ እሱ በጀርባ የሚታዘል ትልቅ ጨርቅ ይዞ መጣ። ፓራግላይደር ይለዋል። እኛ ጃንጥላ አልነው። ከቤቴ ጀርባ ካለው ገደል ጫፍ ተነስቶ ይንሳፈፍበታል። «ሸይጧን ነው የሚነዳው» ስትሉ የነበራችሁ፣ ዛሬ ፎቶውን ለጥፋችሁ ስታለቅሱ አያለሁ።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ገብሴ መሃል ዱብ አለ። ዱላ ይዤ ሄድኩ።

«የሰው ገብስ ላይ ምን ያወርድሃል?»

«ነፋሱ ነው እትዬ፣ ድንገት ዞረብኝ።»

«ድንገት? ከቀትር በኋላ ከደጋው ወደ ቆላው እንደሚገለበጥ ከብቱ እንኳ ያውቃል! ባሌ ከሞተ ጀምሮ አውድማ ላይ እብቁን ብቻዬን ለነፋስ የምሰጥ እኔ ነኝ። ጠይቀኸኛል?»

ሲበር የሚያደርገውን ጠንካራ ቆብ አውልቆ እዚያው ገብሱ መሃል ቁጭ አለና «እስኪ ይድገሙልኝ» አለኝ።

ሦስት ልጆች ዓረብ አገር አሉኝ። ደውለው «ደህና ነሽ?» ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ይዘጋሉ። የተናገርኩትን ድገሚልኝ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አላስታውስም።

ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቀኝ ተነስቶ አያውቅም። የሚፈትሸውን ሁሉ በደብተር ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈልኝ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ እየነካ ይመልሳል። የእግር ቀበቶ። «ታስሯል።» የደረት ቀበቶ። «ታስሯል።» ቆብ። «ታስሯል።» ገመዶች። እዚህ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ይለያቸዋል፤ አይቸኩልም። የመጨረሻዋ ቃል «ነፋስ» ናት። እሷን የምመልሰው እኔ ነኝ። አንድ እፍኝ እብቅ ወደ ላይ እበትናለሁ። ከቆላው ሽቅብ መጥቶ ፊታችን ላይ ከመለሰው፣ ሂድ። ከጀርባችን መጥቶ ወደ ገደሉ ከወሰደው፣ እጠፍ።

ሊነሳ ሲሮጥም ጨርቁ አናቱ ላይ ቀጥ ካላለ ጫፉ ሳይደርስ ይቆማል፤ አፍሮ አይቀጥልም። ሲያርፍ ደግሞ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ እግሩን ያወርዳል። መሬት ሊነካ ሲል ጨርቁን የሚገታባቸውን ሁለት እጀታዎች ወደ ታች ይስብና ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቀጥ ይላል። የዚያን ጊዜ የእኔ ሥራ ሰው ማባረር ነበር። የእኛ ሰው ከላይ የሚመጣ ሲያይ እጁን ዘርግቶ ሊቀበል ይሮጣላ! በደግነት ተያይዘው ሊሰባበሩ። ዱላዬን እያወዛወዝኩ «ወግዱ! አራስ አይደለም የምትደግፉት!» ስል፣ ከላይ ሆኖ ሲስቅ እሰማዋለሁ።

ስከለክለው አንድም ቀን ተከራክሮኝ አያውቅም። «አብሽሩ እትዬ፣ ሰማዩ የትም አይሄድም» ይልና ያጥፋል። ከዚያ ደጄ ላይ ቁጭ ብለን ቆሎ እየቆረጠምን እንውላለን። ከሚበርባቸው ቀኖች ይልቅ እነዚያን እወድ ነበር። አልነገርኩትም።

ዛሬ ጠዋት እብቁ ወደ ገደሉ ሄደ። «እጠፍ» አልኩት። አጠፈ። ቆሎውን ላወጣ ስል፣ «እንግዲያው አጎቴ ታሟል፣ አቀስታ ደርሼ ልምጣ» አለ።

«ሂድ፤ ከአሮጊት ጋር መዋል ማን ይወዳል» አልኩት።

«ነገ እመጣለሁ እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ሰይዶ፣ ከሰማሁ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። ተነሳ ብልህ ኖሮ... አይሆንም። ነፋሱ ከጀርባ ነበር። አሁንም ብትጠይቀኝ እጠፍ ነው የምልህ። ለዚያ ይቅርታ አልጠይቅህም፤ አንተም አትፈልገውም።

ግን ሚኒባሱ በደጄ ሲያልፍ በመስኮቱ እጅህን አውጥተህ ስታውለበልብልኝ አይቼሃለሁ። አኩርፌ ነበር። እንዳላየ ሆኜ ፊቴን አዞርኩ። ለዚህኛው ይቅር በለኝ።

አላህ በሰላም ይቀበልህ። በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ይኸው እጄን አንስቻለሁ ልጄ። ደህና ግባ።