ሞጆ ላይ ያለቀው ነዳጅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሰው ሌባ ሲባል ዝም ብያለሁ፤ ሌባ አለመሆኑን እያወቅኩ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አዳማ አንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪ መሐንዲስነት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ከሸንኮራ የሚወጣውን ኤታኖል ከቤንዚን ቀላቅሎ መኪና ላይ መሞከር ነበር፤ ከሦስት ሊትር አንዱ ኤታኖል። ኤታኖል በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን እንደሚያንስ ተምሬአለሁ። ሞተሩን ስለካውም ያንኑ አሳየኝ። አለቃችን ግን ሙከራው እንዲሳካ ጓጉተው ነበር። እኔም ማስከፋት ፈርቼ "በአንድ ሊትር የሚኬደው መንገድ እኩል ነው" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እጄን የያዘኝ የለም።

መኪናውን የሚነዱት ጋሽ ቶሎሳ "ኢንተላ ኮ" ይሉኝ ነበር፤ ሴት ልጄ ማለታቸው ነው። በቤንዚን ብቻ ላንጋኖ ደርሰው ይመለሱበት በነበረው ሊትር ልክ ድብልቁን ሞልተው ሄዱ። ሲመለሱ ሞጆ ላይ አለቀባቸው። በሳምንቱም እንዲሁ።

አለቃችን ሰበሰቡን። "ምነው ጋሽ ቶሎሳ፣ ነዳጁ የት ገባ? የዝዋይ ዓሣ ነው እንዴ የጠጣው?" አሉ። ሰው ሳቀ።

ጋሽ ቶሎሳ አልሳቁም። "እኔ ሾፌር ነኝ። የተማረችው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቋት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መልሱ ጠፍቶኝ ነበር? "ሪፖርቴ ስህተት ነው" ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? መሬት መሬት እያየሁ "ሪፖርቱ ላይ እንዳለው ነው" አልኩ።

ነዳጅ ሰርቀዋል ተብለው ተባረሩ። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ የሰጣቸው አልነበረም።

ዘንድሮ መናኸሪያው አጠገብ ጋሪ ሲነዱ አየኋቸው። ልሸሽ ስል ጠሩኝ።

"አኮረፍሽኝ እንዴ ኢንተላ ኮ? ኧረ ተይ! ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታደርጊ። ብታውቂ ኖሮ ትናገሪልኝ ነበር።"

አውቅ ነበር። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እኔ ግን "አዎ ጋሼ" አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ካድኳቸው።

ሰው ዓይን አፋር፣ ጨዋ ይለኛል። ዓይን አፋርነቴን ሰበብ አላደርገውም፤ ያንን ሪፖርት ስጽፍ የሚያየኝ ዓይን አልነበረም። ይቅር በሉኝም አልልም። እሳቸው ይቅር ብለዋል፤ ይቅር ያሉት ግን ምንም ያላወቀችውን ልጅ ነው። ያቺ ልጅ እኔ አይደለሁም።