ከመረቡ ውጭ የተገኘችው ትንኝ

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «የትንኝ ሞግዚት» ይሏታል፤ በቀልድ የወጣላት ስም መጠሪያዋ ሆኖ ቀርቷል። ከላብራቶሪው ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ሞቃት ክፍል ውስጥ፣ ዘር ማንዘራቸው መርዝ ነክቶት የማያውቅ ትንኞችን በመረብ ሳጥን ታረባለች። «የዋሆቹ» ትላቸዋለች። ከየመንደሩ ተይዘው የሚመጡት ትንኞች የትንኝ ማጥፊያ መርዙን መቋቋማቸው የሚለየው ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ነው። በፈተናው የዋሆቹ ሁሉም መሞት አለባቸው፤ ከተረፉ ፈተናው ከንቱ ነው።

ሞግዚቷ እሁድም በዓልም አታውቅም። ታላቅ እህቷ ነይ ባለቻት ቁጥር፣ ማን ያበላቸዋል ትላለች። እህቷም፣ ሰው ትንኝ ያባርራል አንቺ ትቀልቢያለሽ፣ ለመሆኑ ስታረጂ ይጦሩሻል ወይ እያለች ትስቅባታለች።

አንድ እሁድ በጋውኗ እጅጌ ላይ አንዲት ትንኝ አርፋ አየች። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከመረብ ውጭ የተገኘች ትገደላለች። ሞግዚቷ ግን ከትናንት ጀምሮ ከሰው ጋር ቃል አልተለዋወጠችም ነበር። መዳፏን አነሳችና አንጀቷ አልቻለም።

«ብቻሽን የት ልትሄጂ ነው?» አለቻት።

በመምጠጫ ቱቦ ቀስ አድርጋ ስባ ከየዋሆቹ ጋር ቀላቀለቻት። ከጎን ክፍል፣ ከመንደሮቹ ትንኞች መካከል ያመለጠች ትሆናለች ብላ አልጠረጠረችም።

ከወራት በኋላ በተደረገው ፈተና፣ መርዝ በተቀባው ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት የዋሆች ሳይሞቱ ቆመው ተገኙ። የዘረመል ባለሙያዋ መርምራ አስረዳቻት። መርዙ የሚገድለው ነርቭ ላይ ተጣብቆ ነው፤ በዘረመሉ ጽሑፍ አንዲት ፊደል ስትለወጥ የሚጣበቅበት ቦታ ቅርጽ ይለወጥና መርዙ መያዣ ያጣል። ለውጡን ደግሞ ልጆች ይወርሱታል።

«ከውጭ የገባች አንዲት እናት ትበቃለች» አለች ባለሙያዋ።

«ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለች ሞግዚቷ።

ኃላፊው አልተቆጣም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ትንኞቹ እንዲሞቱ ሳጥኖቹ በሙሉ ማቀዝቀዣ ይግቡ አለ። ንጹሕ የትንኝ እንቁላል ከሌላ ተቋም እስኪላክ እህትሽ ጋ ሄደሽ ዕረፊ አላት።

ሳጥኖቹን ለሌላ ሰው አልሰጠችም፤ አንድ በአንድ ራሷ አስገባች። እስከዚያ ቀን ልብ ያላለችው የክንፎቻቸው ጥዝታ ሲቆም ጆሮዋ ጭው አለ። ከዚያ የትንኝ እጮች የሚያድጉባቸውን ትሪዎች አጥባ ውኃ ትሞላ ጀመር።

የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «እንቁላሉ ደረሰ እንዴ?» አለቻት።

«አይ፣ ገና አልተላከም» አለችና ቀጣዩን ትሪ ሳበች።